ኮፓው ተነደለ፦ በማስቲሽ ይለጠፍ ወይስ ይበየድ?

የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ ወደ ጎሃ ጽዮን የሚወስደውን ዳገት ተያይዤዋለሁ። ከገደሉ የተንከባለለ ይሁን ከጭነት መኪና የወደቀ አላውቅም፣ ብቻ አንድ ድንጋይ መንገዱ መሀል ጉብ ብሏል። ከፊት መኪና እየወረደ ስለነበር መሸሽ አልቻልኩም። በጎማዎቹ መሀል አሳልፈዋለሁ ብዬ ገባሁ። ሆዷ ስር «ቋ!» አለ። ዳር ይዤ ሞተር አጠፋሁና ጎንበስ ብዬ ሳይ ኮፓው፣ ማለት ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ፣ ላይ የጥፍር ርዝመት ያለው ስንጥቅ ወጥቶ ጥቁር ዘይት ጠብ ጠብ ይላል።

መኪናዋ አሮጌ ኮሮላ ናት። ብዙ ዘመን አብረን ስለቆየን ትርፍ ዘይትና አንድ ጥቅል የብረት ማስቲሽ ሳልይዝ ከከተማ አልወጣም። በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረግኩ፣ ማስቲሹን አሽቼ ለጠፍኩ፣ ትንሽ ጠብቄ ዘይት ሞላሁና ተነሳሁ። ገብረ ጉራቻ ላይ ቆሜ ሳይ ግማሹ ተነስቶ እንደ ቅርፊት ተንጠልጥሏል። እዚያው አደርኩ። በማግስቱ ያንኑ ማስቲሽ፣ ያንኑ ስንጥቅ ላይ፣ በሥርዓቱ ለጠፍኩትና ስምንት ወር ነዳሁበት። ያ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት ነው ይሄን ሁሉ የሚያስጽፈኝ።

ዕቃውን እንወቅ

ሱቅ ሄዳችሁ «የብረት ማስቲሽ» ስትሉ ሦስት የተለያየ ነገር ሊሰጣችሁ ይችላል። አንዱ በሁለት ቱቦ የሚመጣው ወፍራም ፈሳሽ ኢፖክሲ ነው፤ በአንዱ ቱቦ ሙጫው፣ በሌላው ማድረቂያው አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ እኩል ለእኩል ይቀላቀላል። ሌላው እንደ ጣት ተጠቅልሎ የሚመጣውና እንደ ሊጥ በእጅ የሚታሸው ነው፤ በቢላ ስትቆርጡት ውስጡና ውጪው በቀለም ይለያያል። ሁለቱም ውስጥ የብረት ዱቄት አለ። ሦስተኛው ስቱኮ ነው። ስቱኮ ባትላሜራዎች የቦዲ ጉድጓድ ሞልተው ከላይ ቀለም የሚቀቡበት ነው፤ እርጥበት ይስባል፣ ዘይትና ውሃ የሚይዝ ዕቃ ላይ ዋጋ የለውም። የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ሻጩ «ያው ነው፣ ልዩነት የለውም» ካላችሁ ቀጣዩን ሱቅ ሞክሩ።

ጥንካሬውን በተመለከተ ሰው ሁሉ «የቱ ይበልጣል?» ይላል። ብየዳ ይበልጣል፣ በሰፊው። በዓለም ስሙ የገነነው የቴክሳሱ ጄቢ ዌልድ እንኳን ፈሳሹ ዓይነት በደንብ ሲደርቅ ወደ 5,000 ፒኤስአይ (በአንድ ካሬ ኢንች ላይ ያለ ኃይል በፓውንድ) መሳብ ይችላል ነው የሚለው። ተራው ለስላሳ ብረት 58,000 አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ማስቲሽ አንድ የተፈጥሮ ድካም አለው፦ ተጭነውት ይችላል፣ ጎትተውትም በመጠኑ ይችላል፣ ከጫፉ ይዘው ሲልጡት ግን ቶሎ ይሸነፋል። የሚንቀጠቀጥና የሚተጣጠፍ ብረት ላይ የማይቆየው ለዚህ ነው።

ሙቀትም አለ። በእጅ የሚታሸው ዓይነት ባብዛኛው እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የጄቢ ዌልድ ዋነኛው ፈሳሽ እስከ 287 ዲግሪ ይላል። የሞተር ዘይት በጤናው ከ90 እስከ 120 ዲግሪ ስለሚሞቅ ኮፓ ላይ ሁለቱም ይኖራሉ። ጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ላይ ግን ሙቀቱ 600 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ እዚያ ኢፖክሲ ለጥፎ የተነሳ ሰው የሚያገኘው ክፉ ሽታ ብቻ ነው።

ይይዛል ወይስ ይሸከማል?

እኔ መኪና ስር ገብቼ አንድ የተሰበረ ነገር ሳይ ራሴን የምጠይቀው ይሄን ነው። ይሄ ብረት ሥራው ፈሳሽ መያዝ ነው ወይስ ሸክም መሸከም? ፈሳሽ ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ ስንጥቁም ትንሽ ከሆነ፣ ማስቲሽ ይበቃዋል። የዘይት ኮፓ፣ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ቤት ላይ ያለ ቀጭን ስንጥቅ፣ የራዲያተር የፕላስቲክ ራስ፣ ከውሃ ፓምፕ አካባቢ የምታለቅስ ትንሽ ቀዳዳ፣ እነዚህ የማስቲሽ ሰፈር ናቸው።

ሸክም የሚሸከም ከሆነ ማስቲሹን መልሳችሁ ሳጥን ውስጥ ክተቱ። ሻንሲ (የመኪናው አጽም)፣ የሞተር ማሰሪያ፣ የሾክ መቀመጫ፣ የወንበርና የቀበቶ መያዣ፣ እነዚህ ወይ በባለሙያ ይበየዳሉ ወይ ይለወጣሉ።

ሦስተኛ ምድብ አለ፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የመሪ ዘንግ፣ ቴስቲና (የመሪ ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ)፣ ብራቾ (ጎማውን ከሻንሲ የሚያያይዘው ክንድ)፣ የፍሬን ቱቦ፣ ባሌስትራ (ተደራራቢው የብረት ሞላ)፣ ጎማ የሚታሰርበት ቸርኬ። እነዚህን አትለጥፉም፣ አታስበይዱምም። ትለውጣላችሁ። ባሌስትራ በሙቀት የተጠናከረ ብረት ነው፤ የብየዳ እሳት ሲነካው አጠገቡ ያለው ብረት ጠባዩ ይለወጥና ሌላ ቀን ጭነት ላይ፣ ከብየዳው ጎን «ጧ» ብሎ ይሰበራል። በያጁ «እኔ እበይደዋለሁ፣ ሃላፊነቱን እወስዳለሁ» ቢላችሁ፣ ዳገት ላይ ሲሰበር አብሯችሁ አይሆንም።

በነገራችን ላይ አሮጌ መኪና ልትገዙ ከሆነ ኪሳችሁ ውስጥ ትንሽ ማግኔት ያዙ። በር ስርና የጎማ ቅስት አካባቢ አስጠግታችሁ እለፉ። የብረት ቦዲ ሆኖ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ካለ ከቀለሙ ስር ስቱኮ ተሞልቷል ማለት ነው። በር ላይ ከሆነ ዋጋ ትከራከራላችሁ፣ ሻንሲ አካባቢ ከሆነ ሻጩን አመስግናችሁ ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ።

በማስቲሽ ኮፓ መለጠፍ፣ ከሀ እስከ ፐ

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ በክሪክ አንሱና ከስር ጠንካራ ድጋፍ አድርጉ። ክሪክ ብቻውን ተማምኖ መኪና ስር የገባ ሰው ብዙ ቤት አስለቅሷል። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ከዚያ የማፍሰሻውን ብሎን ፈትታችሁ ዘይቱን በሙሉ በንጹሕ ባልዲ ተቀበሉ። ከቻላችሁ ብሎኑ ተፈትቶ መኪናው እንዲሁ ይደር። ለምን ብትሉ፣ ዘይት ከሞተሩ ግድግዳ ላይ ሰዓታት ሙሉ እየተንጠባጠበ ይወርዳል፤ እናንተ ከውጪ ስታጸዱ እሱ ከውስጥ በስንጥቁ እየሾለከ ያቆሽሽባችኋል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። እንጀራ የጋገረች እናት ያለችው ሰው ይሄን ለመረዳት አይቸግረውም፦ ምጣድ በጎመን ዘር የሚታሰሰው እንጀራው እንዳይያዝ ነው። ዘይት የነካው ብረት ማለት የታሰሰ ምጣድ ነው። እላዩ ላይ የፈለጋችሁትን ውድ ማስቲሽ ለጥፉ፣ እንደ በሰለ እንጀራ ዙሪያውን ተነስቶ ይመጣል። እኔ ዓባይ ዳገት ላይ ያደረግኩት ልክ ይሄንን ነው፤ በጨርቅ መጥረግ ምጣዱን ማሰስ እንጂ ማጽዳት አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ጭቃውንና ጥቁሩን ዘይት በሙቅ ውሃና በልብስ ሳሙና ዱቄት አስለቅቁ፣ አድርቁ። ቀጥሎ በብረት ብሩሽ፣ ከዚያ በባለ 80 የብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ፋቁ። ከስንጥቁ ዙሪያ በየአቅጣጫው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚያብረቀርቅ ብረት እስኪታይ ድረስ ነው። አብረቀረቀ ብላችሁ አታቁሙ፤ መጫር አለበት፣ ማስቲሹ የሚይዘው በእነዚያ ጭረቶች ነውና። ስንጥቅ ከሆነ በሁለቱ ጫፎች ላይ በ3 ሚሊ ሜትር ድሪል ትንሽ ቀዳዳ ብሱ። ስንጥቅ እንደ ጨርቅ ቅዳጅ ነው፣ ጫፉ ስለታም እስከሆነ ድረስ ይቀጥላል፤ ክብ ቀዳዳ ሲያገኝ ይቆማል። የብረቱ ፍቅፋቂ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የድሪሉን ጫፍ ግሪስ ቀቡት፤ ከዚያ ግሪሱን ደግሞ አጽዱ።

ከተፋቀ በኋላ በአሴቶን ይታጠባል። ብዙ ጋራዥ በቤንዚን ያጥባል፤ ቤንዚንና ናፍታ ሲደርቁ ስስ ቅባት ሊተዉ ይችላሉ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም አሴቶን ነው ብላችሁ ከእህታችሁ አትውሰዱ፤ ጥፍር እንዳይደርቅ ተብሎ ቅባት የተጨመረበት አለ። በአዲስ ነጭ ጨርቅ ነክራችሁ ጥረጉ፣ ጨርቁን ቀይሩ፣ ደግማችሁ ጥረጉ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ። ገብረ ጉራቻ ላይ ስድስተኛው ጨርቅ ነው ነጭ ሆኖ የወጣልኝ። ከዚያ በኋላ ቦታውን በጣት አትንኩት፤ ጣታችሁም ቅባት አለው።

ጓንት አድርጉ። ኢፖክሲ ቆዳ ላይ እየተደጋገመ ሲነካ አለርጂ ያመጣል፣ አንዴ ከመጣ ደግሞ አይለቅም። ከጥቅሉ የሚበቃችሁን ቁረጡ፣ ላስቲኩን ላጡ፣ ከዚያ እሹት። ሁለቱ ቀለም አንድ እስኪሆን፣ መስመር እንኳን እስከማይታይ ድረስ። አንድ ነጭ መስመር ከቀረ እዚያ ላይ አይደርቅም ማለት ነው። ሲታሽ ሞቅ ማለት ይጀምራል፤ ሥራው መጀመሩ ነው፣ ከዚያ በኋላ እንደየዓይነቱ ሦስት አራት ደቂቃ ነው ያላችሁ፣ ስልክ አታንሱ። መጀመሪያ ትንሹን ቆንጥራችሁ ስንጥቁ ውስጥ በአውራ ጣት በኃይል ጫኑት፣ ውስጥ ገብቶ እንዲነክስ። ከዚያ ቀሪውን ከላይ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት አድርጋችሁ ከስንጥቁ 2 ሴንቲ ሜትር አሳልፉ፤ ጫፉን በውሃ በራሰ ጣት ወደ ብረቱ እያሳሳችሁ ጨርሱ። ወፍራም ጫፍ ለመላጥ የተዘጋጀ ጫፍ ነው።

ቀዳዳው ከአተር ከበለጠ ማስቲሽ ብቻውን አይበቃም። ከቀዳዳው ሰፋ ያለ ስስ ላሜራ ቆርጣችሁ እሱንም እንደ ኮፓው ፍቃችሁና አጥባችሁ፣ በፈሳሹ ኢፖክሲ ለጥፉት፤ ከዚያ ዙሪያውን በሚታሸው ዓይነት ዝጉ።

ማድረቂያው ጊዜ ላይ የካርቶኑን ጽሑፍ እንዳለ አትመኑ። ያ ቁጥር የተጻፈው ለሞቃት ክፍል ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የሚደርቅበት ጊዜ በግምት እጥፍ ይሆናል፤ የሐምሌ ጠዋት አዲስ አበባ 10 ዲግሪ ላይ ሆና «በአንድ ሰዓት ይደርቃል» የተባለው ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። የፀጉር ማድረቂያ ፎን ከራቅ አድርጎ መያዝ ወይም አንድ አሮጌ ባለ 60 ዋት አምፖል ከስር ማብራት ይረዳል። እሳት አታስጠጉ። በጥፍር ስትጫኑት ምልክት ካልተወ ለመንዳት ይበቃል፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ግን በ24 ሰዓት ነው። ጊዜ ካላችሁ ይደር።

ብሎኑን አስራችሁ ዘይት ሙሉ። ስር ካርቶን አንጥፋችሁ ሞተሩን አሥር ደቂቃ አስነሱ። ካርቶኑ ንጹሕ ከሆነ ሂዱ፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ ቆማችሁ ደግማችሁ ዕዩ፣ የዘይት መለኪያውንም ሳቡ።

ይበየድ ካላችሁ

ብየዳውን እናንተ አትሠሩትም ብዬ ነው የምጽፈው፤ ግን ቆማችሁ የምታዩትን ማወቅ አለባችሁ። መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉ። ከያዘ ኮፓው ብረት ነው፣ ካልያዘ ባብዛኛው አሉሚኒየም ነው። ይሄ ነገሩን ሁሉ ይለውጠዋል።

የብረት ኮፓ ላሜራው ስስ ነው። በተራው ኤሌክትሮድ ላጣድፈው ያለ በያጅ ትንሹን ስንጥቅ ወደ ትልቅ ቀዳዳ ይለውጠዋል። በሚግ (ሽቦውን ራሱ በሚመግብ የብየዳ ማሽን)፣ በቀጭን ሽቦ፣ ነጠብጣብ ነጠብጣብ እያደረገ፣ መሀል መሀሉን እያቀዘቀዘ ቢሠራው ነው የሚያምረው። አሉሚኒየም ከሆነ በአርጎን ጋዝ የሚሠራ ቲግ የሚባል የብየዳ ማሽን ያለው ሰው ፈልጉ። አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ላዩ ላይ ያለው ኦክሳይድ ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቆዳው ቆሞ ሆዱ ይቀልጣል። እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፣ ድንገት ነው የሚናደው።

ኮፓው ይውረድ። ተሰክቶ እያለ፣ ውስጡ ዘይት እያለ «ቶሎ ላድርገው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉ። ወርዶ በሙቅ ውሃና ሳሙና ከውስጥም ከውጪም ይታጠባል። እዚህ ላይ አንድ በጣም አደገኛ ነገር አለ፦ ክሎሪን ያለበት ብሬክ ክሊነር ነፍቶ መበየድ። የብየዳው ብርሃንና ሙቀት ክሎሪኑን ፎስጅን ወደሚባል መርዛማ ጋዝ ሊለውጠው ይችላል፤ ፎስጅን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለመሣሪያነት የዋለ ጋዝ ነው። ጣሳውን አገላብጡና አንብቡ፣ ወይ በአሴቶን ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። በዚንክ የተለበጠ ብረት ላይም ልብሱ ይፋቅ፣ ጭሱ ትኩሳት ያስይዛል።

መኪናው ላይ የሚበየድ ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ ሻንሲ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። የብየዳው መሬት መያዣ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር፤ ራቅ ብሎ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታና በኮምፒውተር ሳጥኑ በኩል መንገድ ሊፈልግ ይችላል። ኮምፒውተሩን ነቅሎ የሚያስቀምጥ መካኒክ ካያችሁ ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው። የነዳጅ ቱቦ፣ የሽቦ ጥቅልና ምንጣፍ ከአካባቢው ይነሳ። እሳት ማጥፊያ የያዘ ሰው ይቁም።

ተበይዶ ሲያልቅ የኮፓው ከንፈር፣ ማለት ጋስኬት የሚቀመጥበት ዙሪያ፣ በሙቀቱ ተጣሞ እንዳይሆን መስታወት ላይ ገልብጣችሁ ዕዩ። ብርሃን የሚያሾልክ ክፍተት ካለ ይቃና። ከዚያ የድሮ በያጆች ፈተና አለ፣ በጣም ነው የምወደው፦ ከውጪ ብየዳው ላይ ጠመኔ ቀቡ፣ ከውስጥ ነጭ ጋዝ አፍስሱ፣ ሃያ ደቂቃ ጠብቁ። ነጭ ጋዝ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ውስጥ ይሾልካል፤ ጠመኔው ላይ እርጥብ ነጥብ ከታየ ይመለስ። መኪና ላይ ከታሰረ በኋላ ከማወቅ እዚያው በያጁ ፊት ማወቅ ይሻላል።

ባጭሩ ሌሎቹ

ራዲያተር፦ የፕላስቲኩ ራስ ላይ ለፕላስቲክ የሚሆን ኢፖክሲ እስከ ቤት ያደርሳል፣ ከዚያ ለውጡት። ውስጡ 1 ባር ገደማ ግፊት ስላለ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ክዳን አትክፈቱ። ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ)፦ ኢፖክሲ የለም፤ በሙቀት የሚደርቅ የጭስ ማውጫ ማስቲሽ አለ፣ ጊዜያዊ ነው፣ ብየዳ ነው መድኃኒቱ። የተሰነጠቀ ቴስታታ (የሞተር ራስ) ወይም የሞተር ብሎክ፦ ብረቱ ብዙ ካርቦን ያለው ካስት ከሆነ በኒኬል ኤሌክትሮድ፣ ቀድሞ ሞቆና ቀስ ብሎ ቀዝቅዞ ነው የሚበየደው፤ ይሄን የሚችል ሰው ጥቂት ነው።

የነዳጅ ሰልባትዮ (ታንከር) ላይ ግን ቆም በሉ። ባዶ ሰልባትዮ ከሙሉው የባሰ ነው፣ የሚፈነዳው ትነቱ ነውና። «አጥቤዋለሁ» ለሚል በያጅ አትስጡ። ጠብ የሚልበት ቀዳዳ የመርፌ ጫፍ ያህል ከሆነ ነዳጁን ከቀዳዳው በታች አውርዳችሁ፣ ቤንዚን እችላለሁ በሚል ማስቲሽ ዝጉትና አዲስ ወይም ደህና ያገለገለ እስክታገኙ ተጠቀሙ። በብርጭቆ ወረቀት በእጅ ነው የሚፋቀው፣ ግራይንደር አታስነሱበት።

አንድ የመጨረሻ ጉዳይ። ዛሬ ለጥፋችሁ ነገ ልታስበይዱ ካሰባችሁ ለበያጁ ማስቲሽ እንዳለበት ንገሩት። ኢፖክሲ እሳት ሲነካው ይነድዳል፣ ጭሱ ጥሩ አይደለም፣ ብየዳውንም እንደ ወንፊት ቀዳዳ ቀዳዳ ያደርገዋል። እስከ መጨረሻው ድረስ፣ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ሳይቀር መውጣት አለበት። የእኔ ኮፓ ከስምንት ወር በኋላ ለሌላ ሥራ ሲወርድ «በዚሁ ይበየድ» አልኩ። በያጁ ግራይንደሩን ይዞ ተቀመጠ። ለመፋቅ የፈጀበት ጊዜ ለመበየድ ከፈጀበት ይበልጥ ነበር፣ ሂሳቡንም እንደዚያው አስቦ ጠየቀኝ።